አርባ ሰባት ሰከንድ

በጥቅምት መባቻ፣ ጎርፉ ከጨው ሜዳ ሸሽቶ ገና ሳያልቅ፣
የጉጃራት ገበሬ ጨው ሊያርስ ይወጣል፣ ጓዙን ጠቅልሎ በሌሊት ሊዘልቅ።
ወንበሮቼ ቀሩ።
ሃያ ሦስት ወንበሮች፤ ወለል ሲቧጥጡ፣ ሲያንቋቁ የኖሩ፣
ስም ስጠራ ዛሬ መልስ አጥተው አደሩ።

እኔ ኒሩፓ ነኝ። ስልክ በክፍሌ ውስጥ አይታይም ያልኩት፣
የስንቱን ወንድም ስልክ ነጥቄ መሳቢያ የቆለፍኩት፤
አሁን በዚያው አፌ፣
"በአባታችሁ ስልክ ትምህርት እልካለሁ" አልኩ ተሸንፌ።

ማታ ማታ እቀዳለሁ፤
ጩኸቱ እንዳይገባ ማራገቢያውን አጥፍቼ በላብ እዘፈቃለሁ።
ክፍልፋይን በድምፅ፣ ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ጠመኔ፣
እንዴት ይነገራል? "ሮቲ ነው በሉት፣ ለአራት ቁረሱት" እላለሁ እኔ።

ካንኩ ትመልሳለች።
የጄሳ ልጅ ናት፤ አሥር ዓመት ሞላት፤
ኔትወርክ የሚገኘው ከጨው ክምር አናት።
ቀን ቀን ያው ስልክ የነጋዴው ነው፣ ስለ ጨው ዋጋ ሊከራከር፤
ሌሊት የሷ ይሆናል፣ ባትሪው እስኪከዳት፣ ከኔ ጋር።
መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ይህን እንኳ ሳታማርር ነገረችኝ፤
"ሰባትና አንድ ከስንጥቁ ሥር መንታ መሰሉ፣ የቱ ነው?" አለችኝ።

የመጀመሪያው መልሷ አርባ ሰባት ሰከንድ ነበረ፤
የሷ ቃል ጥቂት ነው፤ የቀረውን ሜዳው ራሱ ተናገረ፦
ዱክ… ዱክ… ዱክ… ከጉድጓድ ጨዋማ ውሃ የሚስብ ሞተር፣
የእናቷ ሳል፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ሸራውን ይዞ ነፋስ ሲያንጎራጉር፤
ከዚያ በመጨረሻ፣ እንደ ሹክሹክታ፣
"ሦስት አራተኛ ቀረ። አንዷን ወንድሜ በላት፣ ትናንት ማታ።"

በቀይ ቀለም ማረም ለምጄ፣
ድምፅን በምን ልረም? ደግሜ ሰማሁት፣ ከጆሮዬ አስጠግቼ፣ ወድጄ።

ኅዳር እንዲህ አለፈ፤ ታኅሣሥም።
ከመልሷ ጀርባ ያለውን ማንበብ ለመድኩ፤
ሞተሩ ሲያስነጥስ ናፍጣ ማለቁን፣ እናቷ ስትስቅ ነጋዴው መክፈሉን አወቅኩ።

በጥር አንድ ማታ፣
መልሱ ልክ ነበረ፤ ሳትሳሳት፣ ሳታመነታ።
ግን ዱክ የሚል የለም።
ሳልም የለም። ሕፃንም የለም።
ሃያ ጊዜ ሰማሁት። ዝምታ እንዲህ ይከብዳል እንዴ፣ በስልክ?
በመጽሐፉ የሌለ ጥያቄ፣ "ሞተሩስ?" የሚል፣ ቸኩዬ ስልክ፣
ሁለት ቀን ጭጭ አለ። በሦስተኛው ደረሰ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ፦
"አባባ ሸጠው። እናቴን ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ሩቅ ነው አሉ መንገድ።
ስልኩን ለኛ ተወው።
ዘጠኝ ነበርን፤ ከነሕፃኑ ሦስቱ ሄዱ፤
ሁለት ሦስተኛ ቀረን። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነሽ" ብል ጭካኔ፤ "ተሳስተሻል" ብል ውሸት።
ሌላ ክፍልፋይ አልላክሁም ያን ሌሊት።
ጧት ክፍል ስገባ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ አኖርኩት፤
"ተንጫጩ" አልኳቸው፣ አሥራ አራት ዓመት "ዝም በሉ" ያልኩት።
መጀመሪያ አላመኑኝም።
ከዚያ ደወሉ ገባበት፤ የዳሚኒ ማስነጠስ፣ የጠመኔው ሲጥሲጥታ፣
ጠብ፣ ሳቅ፣ የጠፋ ላጲስ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ሁካታ።
አርባ ሰባት ሰከንድ ቆጥሬ አቆምኩ፤
ያለ ጥያቄ፣ ያለ መልመጃ፣ ወደ ጨው ሜዳ ላክኩ።

ማታ መልስ መጣ። ነፋሱ አለ፤ ሞተሩ አልተመለሰም።
ከሩቅ ሕፃን ያለቀሰ መሰለኝ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።
ካንኩ ብዙ ዝም ብላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተቆጣች፦
"እትዬ፣ ሲንቋቋ ሰማሁት። ወንበሬ ላይ ማናት የተቀመጠች?"